እኛ የሌለንባቸው ልብ ወለዶች

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ከአፉላ ወደ ሃይፋ በራኬቬት ሃኤሜክ እየሄድን የአጎቴ ልጅ አንዱን የጆሮ ማዳመጫዬን ነቅላ ጆሮዋ ውስጥ ከተተችው። ሙዚቃ መስሏት ነው። ጥቂት ሰማችና «ማነው ይሄ ሽማግሌ?» አለችኝ። ወጋየሁ ንጋቱ ይባላል፣ ተዋናይ ነበር፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበው እሱ ነው አልኳት። ስለ ምንድነው ስትለኝ፣ ስለ አንድ የጎጃም ፊታውራሪ፣ ስለ ሴት ልጁና ስለ አስተማሪዋ ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም። «እና ይሄ ለእኛ ምናችን ነው? ፈላሻ እያሉ ሲሰድቡን የነበሩት እነዚህ አይደሉም እንዴ?» ብላ ማዳመጫውን መለሰችልኝና ወደ ስልኳ ዞረች።

በዕለቱ የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያ ወዲህ ግን ያነበብኳቸውን ልብ ወለዶች በሙሉ ያነበብኩት ያንን ጥያቄ ይዤ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእሷ የዘገየ መልስ ነው፤ እንደ እሷ ለምታስቡትም። የፊደል ስሕተት ብታገኙ ይቅርታ፤ አባቴ አይቶልኛል፣ ግን እሱም ቸኩሎ ነበር።

መጀመሪያ ስለ አነባበባችን አንድ ነገር ልበል። እኛ እዚህ ተወልደን ያደግነው መጽሐፍ ስናነሳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከእኛ ሰው አለበት? ካለበት ደስ ይለናል፣ ከሌለበት እንተወዋለን። አይፈረድብንም። በትምህርት ቤት 12 ዓመት ስናነብ ከእኛ አንድ ሰው ሳይመጣ የሚያልፍ መጽሐፍ ብዙ ነው፣ ከመጣም የሚመጣው የሲግድ ሰሞን ነው። ስለዚህ በዕብራይስጥ የተጻፉትን የእኛን ሰዎች መጻሕፍት ሳገኝ እንደ ዘመድ ነው የተቀበልኳቸው። የዖምሪ ተጋምላክ አበራ «አስተራይ» በ2008 ወጣ፤ የዳሊያ ቤቶሊን ሸርማን «ዓለም እንዴት ነጭ ሆነች» የተሰኙት አጫጭር ታሪኮች በ2013። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የዳሊያን ደግሞ በተለይ፣ በልጅ ዓይን እያየች ለአንባቢው ኢትዮጵያን ለማስረዳት ስለማትጨነቅ። እኔ የምማረረው በመጻሕፍቱ አይደለም፣ ከእነሱ በሚጠበቀው ነው። «የኢትዮጵያውያን መጽሐፍ» ሲባል ሰው ቀድሞ የሚጠብቀው መንደሩን፣ ሱዳንን፣ አውሮፕላኑን፣ መርካዝ ክሊታውን ነው። ከዚያ የወጣ እንደሆነ «ይሄማ ስለ እናንተ አይደለም» ይባላል። እኛም ራሳችን ይህን ለምደነው እንደዚያው እናነባለን። የአጎቴ ልጅ ጥያቄ ከዚህ ልማድ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፊታውራሪው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጁ 1966 አካባቢ ማለት ነው። ጎጃም የተወለዱ፣ ጣሊያንን የተዋጉ፣ ጣሊያን አገር የታሰሩ፣ ኋላ ዲፕሎማትና የትምህርት ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። ታሪኩን ባጭሩ፦ ማንኩሳ ውስጥ በዛብህ የሚባል ልጅ ይወለዳል። ታሞ ስለነበር እናቱ ለቤተ ክርስቲያን ትሳለዋለች፣ በሕይወት ከኖረ የእግዜር አገልጋይ ይሆናል ብላ። አድጎ ተምሮ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባል። ሰብለ ወንጌል እድሜዋ እየሄደ ነው፣ ምክንያቱም አባቷ የዘር ሐረጉን እየቆጠረ የሚመጥናት ባል አላገኘም። ሁለቱ ይዋደዳሉ። የቀረውን ርዕሱ ይነግራችኋል።

መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ እኔ ደግሞ ፊደል የለየሁት በ22 ዓመቴ ነው። አማርኛ ቤት ውስጥ እሰማለሁ፣ እናገራለሁ፤ ንባቡ ላይ ግን ጣቴን ከመስመሩ ስር አስቀምጬ ነው። ለዚህ ነው ወጋየሁ ንጋቱ የረዳኝ። እሱ ያነባል፣ እኔ መጽሐፉን ይዤ እከተላለሁ። የፊታውራሪውን ድምፅ ሲያወጣ ፊታውራሪው ባቡሩ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ይመስላል። ድምፁን እየሰማሁ ስከተል የገባኝ አንድ ነገር አለ፤ የሐዲስ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች በዓይን ሲነበቡ ያደክማሉ፣ በጆሮ ሲሰሙ ግን አያቴ ታሪክ ስታወራ እንደምታደርገው ናቸው፦ ነገሩን ትጀምርና፣ መሃል ላይ የሰውየውን አባት ታነሳና፣ የአባቱን በሬ ታነሳና፣ ተመልሳ ግሱን መጨረሻ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኛ በዕብራይስጥ ያደግን ልጆች ግሱን መጀመሪያ ላይ ስለምንፈልግ ትዕግሥት እናጣለን።

ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት መካከል ቤተ እስራኤል የለም። ዓለሙ በሙሉ የቤተ ክርስቲያን ዓለም ነው፤ ዳዊት፣ ቅኔ፣ ደብተራ፣ ግዝት። መጀመሪያ ላይ እንደ እንግዳ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ግን አንዳንድ ነገር እየቆየ መታወቅ ጀመረ። ስእለቱ የታወቀ ነው፤ በእኛም ቤት ሴቶች ይሳላሉ። በግዕዝ መጸለዩ የታወቀ ነው፤ ቄሶቻችን ኦሪቱን የሚያነቡት በግዕዝ ነው። ሰብለ ወንጌል ኋላ ስትመነኩስ ዕብራይስጥ ብቻ የሚያነብ ጓደኛዬ «ይሄ የክርስቲያን ነገር ነው» አለኝ። አይደለም፤ ማለቴ፣ የክርስቲያን ብቻ አይደለም። ቤተ እስራኤል እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የራሳቸው መነኮሳት ነበሯቸው፣ ከሌሎች አይሁድ መካከል ይህ የትም የለም። አጥሩ ከላይ ሲታይ ከፍ ያለ ነው፣ ከስር ግን ውሃው አንድ መሬት ውስጥ ነበር የሚሄደው።

ዋናውን ነገር ያሳየችኝ ግን አያቴ ናት። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሻባት ከወጣ በኋላ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍቼ ሰሃን አጥብ ነበር። ታሪኩ ጭሰኞቹ ጋ ደርሷል። ጭሰኛ ማለት በሰው መሬት ላይ የሚያርስ፣ ከምርቱ ለባለ መሬቱ የሚያካፍል ገበሬ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ በላይ ይጠይቃቸዋል፣ ገበሬዎቹ አንሰጥም ይላሉ፣ ፊታውራሪው ጦር ይዞ ይወጣባቸዋል፣ አበጀ በለው የሚባል ሰው ይመራቸውና ጌታውን ራሱን ይማርኩታል። አያቴ ቡናዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ከዚያ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «ይኼን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለች። ፊታውራሪውን ማለቷ ነው። ደምቢያ የነበረውን የመሬቱን ጌታ ነገረችኝ፤ አባቷ እህል ተሸክሞ እንዴት እንደሚሄድ፣ በር ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ ጌትዬው እስኪያየው ድረስ እንዴት እንደማይቀመጥ። ይህን ሁሉ ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ስለ ሱዳን ነግራኛለች፣ ስለ መንገዱ ነግራኛለች፣ ምክንያቱም ሁሌም የምንጠይቃት ያንን ነው። ስለ ጭሰኝነት ግን ማን ጠይቋት ያውቃል?

የአጎቴ ልጅ ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በጎንደር አገር አብዛኛው ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውም። በሰው መሬት እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸክላ እየሠራ፣ ሸማ እየሸመነ ነው የኖረው። «ፈላሻ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙውን ጊዜ የሚፈታው ፈለሰ ከሚለው ነው፤ አገር የሌለው፣ መሬት የሌለው እንደ ማለት። ስድቡ ስለ ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን ስለ መሬትም ነበር ማለት ነው። መሬት ያለው ሰው ምን ያህል ሰው እንደሆነ፣ የሌለው ደግሞ ምን ያህል እንዳልሆነ ከዚህ ልብ ወለድ በተሻለ ያሳየኝ የታሪክ መጽሐፍ የለም። እኛ በስማችን የለንበትም፣ ግን በር ላይ ከቆሙት ጋር ቆመናል። ፊታውራሪውን የጻፈው ሰው ለፊታውራሪው አላዳላም። ያንን ሥርዓት ከውስጡ ሆኖ፣ በራሱ ቋንቋ፣ የሚስቅበትን እየሳቀበት ያፈረሰ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከወጣ 10 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1967 ዓ.ም. የካቲት፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ጭሰኝነት ቀረ። አያቴ ያን ጊዜ የሁለት ልጆች እናት ነበረች፣ አባቷም በእርጅናው ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ የሚለው ማሳ አገኘ።

እንግዲህ «እነዚህ ናቸው የሰደቡን» ማለት ትክክል ነው። ግን የሰደቡንን ሰዎች ቤት ውስጥ ገብቶ፣ እራት ሲበሉ፣ ልጃቸውን ሲቆልፉባት፣ በዘራቸው ሲኮሩና በኩራታቸው ሲጠፉ የሚያሳይ መጽሐፍ ለእኛ ካልሆነ ለማን ይሆናል?

አንቱታውንም ልጨምር። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ማን ማንን አንቱ እንደሚል፣ ማን ማንን አንተ እንደሚል ካስተዋላችሁ የሰዎቹን ደረጃ ደራሲው ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። በዕብራይስጥ ይህ ሁሉ «አታ» ውስጥ ይገባል። ልጅ ሆኜ አያቴን አንድ ክሊኒክ ይዣት ስሄድ ጸሐፊዋ «አት» እያለች ስታናግራት፣ እኔ ያንን ወደ አማርኛ ስመልስ «እርስዎ» እያልኩ እጨምር ነበር፣ ጸሐፊዋ ያላለችውን። ውሸት ነው? ሐዲስን ሳነብ ያ የልጅነት ሥራዬ ምን እንደነበር ገባኝ። ሳፍታዬ በዚያ ቋንቋ ውስጥ ያላትን ቦታ በሌላ ቋንቋ እንዳታጣ እየጠበቅኩላት ነበር።

ድክመት የለውም ማለቴ አይደለም። ጉዱ ካሳ፣ ልማዱን ሁሉ የሚተቸው፣ ሰው እብድ የሚለው ሰውዬ፣ ሁላችንም የምንወደው ገጸ ባሕርይ ነው። ግን አንዳንዴ ሰው መሆኑን ትቶ የደራሲው ንግግር ማድረጊያ ይሆናል፤ ገጽ በገጽ ላይ ስብከት። ሰብለ ወንጌልም ከልክ በላይ ንጹሕ ናት። በሕይወቷ ትልቁን ውሳኔ ራሷ ወስና፣ ልብስ ለውጣ ከአባቷ ቤት ወጥታ ስትሄድ ነው ለእኔ እውነተኛ ሰው የሆነችው፣ እሱም የሚመጣው ዘግይቶ ነው። መጨረሻውም ያንን ያህል እንባ አያስፈልገውም ነበር። አያቴ በዚህ አትስማማም፤ አልቅሳለች።

ሁለተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። አማርኛችሁ የወጥ ቤት አማርኛ ከሆነ በዚህ ጀምሩ። በዓሉ ጋዜጠኛ ነበር፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ንግግሩ ፈጣን ነው፣ ሰዎቹ ቢራ ይጠጣሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ስብሰባ ይሰለቻቸዋል። ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚባል የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በ1982 (በፈረንጁ) ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ ይላካል፣ ሥራው ፕሮፓጋንዳ ነው። አዲስ አበባ እጮኛ አለችው፣ ሮማን፤ አሥመራ ደግሞ ፊያሜታን ያገኛል። በመሃሉ የስለላ ታሪክ አለ። «ኦሮማይ» ከጣሊያንኛ የመጣ የአሥመራ ቃል ነው፤ አበቃ፣ አለቀ እንደ ማለት። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

መጽሐፉ በ1983 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1984 ከቤቱ ወጥቶ ቀረ። እስካሁን አልተገኘም። በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል፣ አማርኛው ካስቸገራችሁ እሱ አለ።

እነዚህን ዓመታት እስቲ ከቤታችሁ ታሪክ ጋር አስተያዩዋቸው። በዓሉ በጠፋበት ዓመት አባቴ የ10 ዓመት ልጅ ነበር፣ በሌሊት ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። የሙሴ ዘመቻ የተጀመረው በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ነው። በመንገዱና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 ሰው እንደሞተ ይነገራል፤ በሄርጽል ተራራ መታሰቢያቸውን አይታችኋል። ቤታችን ውስጥ «ደርግ» የሚባለው ነገር ፊት የለውም። ዝናብ እንደሚባለው፣ በሽታ እንደሚባለው ነው የሚባለው፤ ደርግ መጣ፣ ደርግ ያዘው። «ኦሮማይ» ለዚያ ነገር ፊት ሰጠው። ሥርዓቱን የሚያገለግሉት ሰዎች ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው፣ የተማሩ፣ የሚያፈቅሩ፣ የሚፈሩ፣ የሚጽፉት ነገር እውነት እንዳልሆነ እያወቁ የሚጽፉ ናቸው። ይህ ከጭራቅ ይልቅ ያስፈራል። ደግሞም ከእነዚህ ሰዎች አንዱም፣ አንድም ገጽ ላይ፣ በጎንደር በኩል በሌሊት የሚሄደውን ሰው አያስብም። አባቴ በእነሱ ዓለም ውስጥ የለም። ስላልጠሉት አይደለም፣ ስለማያዩት ነው። መጽሐፉ ይህን ሊያሳየኝ አልተጻፈም፣ ግን አሳየኝ።

በሴቶቹ ጉዳይ ግን በበዓሉ እጣላለሁ። ሮማንና ፊያሜታ ሁለት ከተሞች ናቸው፣ አዲስ አበባና አሥመራ፤ ሁለት ሴቶች መሆን የቻሉት አልፎ አልፎ ነው። ፊያሜታ ስታወራ ትኖራለች፣ ፀጋዬ ሲያያት ግን ፖስት ካርድ ትሆናለች።

ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነው የአጎቴ ልጅ ጥያቄ የተገለበጠብኝ። የመአዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ2019 በእንግሊዝኛ ወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ውስጥ ገባ። የጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ሂሩት የምትባል የቤት ሠራተኛ፣ ከአባቷ የቀረላት ውጅግራ ጠመንጃ አለ፤ ጌታዋ ኪዳኔ ይወስድባታል፣ ኋላም ይደፍራታል፣ ይኸው ሰው ደግሞ የአርበኞች መሪ ነው። ሚስቱ አስቴር ካባውን ለብሳ ሴቶችን ለጦርነት ታነሳሳለች። ንጉሡ አገር ለቀው ሲሄዱ ምንም የሚባል ገበሬ፣ ስሙ «ምንም» ነው፣ ንጉሡን ስለሚመስል እንደ ንጉሥ አልብሰው ለሕዝቡ ያሳዩታል። ደራሲዋ መጽሐፉን እየጻፈች ሳለ ነው የራሷ ቅድመ አያት ጠመንጃ ይዛ እንደዘመተች ከእናቷ የሰማችው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አይሁዳዊ አለ። ሳነብ ልቤ ዘለለ። ግን ማን ሆነ? ጣሊያኑ። ኤቶሬ ናቫራ፣ ፎቶ አንሺው ወታደር፣ አዛዡ እስረኞችን ከገደል ሲያስወረውር ፎቶ እንዲያነሳ የሚታዘዘው። በሮም የዘር ሕጎች ሲወጡ የእሱም ስም ሊመዘገብ ነው። እሱ ሌንሱን ወደ ኢትዮጵያውያን ያዞራል፣ ሮም ደግሞ መዝገቡን ወደ እሱ። መአዛ ይህን የምትይዝበት እጅ በጣም ጥሩ ነው፤ አትምርለትም፣ ግን አታቃልለውም። ከልብ ወለዱ ሁሉ የበለጠ ያሰብኩት ስለዚህ ሰው ነው።

እኔ ግን እንደ አፉላ አንባቢ ተቀምጬ ማን ልሁን? የሂሩት ወገን ነኝ፤ ከላይ የሚወረወሩት የእኔ ቆዳ ያላቸው ናቸው። በሌላ በኩል መጽሐፉ ውስጥ እንደ እኔ አይሁዳዊ የሆነው ጠላቷ ነው። ቡድኔን ፈልጌ የማነብ ብሆን እዚህ ላይ መጽሐፉን እዘጋው ነበር። እዚያው ዘመን ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ ታምራት አማኑኤል። ከጎንደር የሄደ ቤተ እስራኤል፣ በፍሎሬንስ የተማረ፣ በአዲስ አበባ የነበረው የአይሁድ ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ጣሊያን ሲገባ የተሰደደ፣ ኋላ ኢየሩሳሌም ላይ በ1963 የሞተ። ጣሊያንኛ ይችላል፣ ኢትዮጵያዊ ነው፣ አይሁዳዊ ነው። ኤቶሬና ሂሩት በየፊናቸው የተሸከሙትን እሱ ብቻውን ነበር የተሸከመው። መአዛ ስለ እሱ አልጻፈችም ብዬ አልወቅሳትም፤ የእሷ መጽሐፍ አይደለም። ያንን መጽሐፍ መጻፍ ያለበት ከእኛ አንዱ ነው፤ በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ። ሱዳን የሌለበት፣ አውሮፕላን የሌለበት።

ስለ አጻጻፏ አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያቆመች ስትገልጽ፣ የዝማሬ ድምፅም ስታስገባ፣ ሩጫው ይቆማል። አንዳንዱ ገጽ ራሱን በመስተዋት ያያል። ጠመንጃው ላይ ስትመለስ ግን እጄን ይዛ ነው የሄደችው።

የዲናው መንግሥቱን የ2007 መጽሐፍ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ስላለው ስለ ሴፋ እስጢፋኖስ፣ በሁለት ቀን ጨረስኩት። ሴፋና ሁለት አፍሪካውያን ጓደኞቹ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፤ አንዱ የአምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌላው አገሩንና መፈንቅለ መንግሥቱን ይመልሳል። ከሰፈራችን ሱፐር ፊት ለፊት ቅዳሜ ማታ የሚቀመጡትን አባቶች ያየ ሰው ጨዋታውን ያውቀዋል፣ እነሱ ዳኛ የላቸውም እንጂ። ከዚያ ሌላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሴፋ ለእኔ ሩቅ ነው። እሱ አገሩን ትቶ ነው የመጣው፤ ቤተሰቤ ደግሞ «ወደ አገራችን መጣን» ብለው ነው የሚያምኑት፣ ዛሬም፣ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላም። ሁለቱን ስደት ብሎ በአንድ ስም መጥራት ይከብደኛል። ትረካው ያምራል፣ ብቸኝነቱም እውነት ነው። የእኔ ብቸኝነት አይደለም እንጂ።

ለመጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከገጽ አንድ አትጀምሩ። መጀመሪያው ቀስ ያለ ነው፣ የበዛብህ ወላጆች ታሪክ ነው፣ ኋላ ትመለሱበታላችሁ። ከጭሰኞቹ ጀምሩ። ፊደሉ ካስቸገራችሁ የወጋየሁን ድምፅ ስልካችሁ ላይ ክፈቱና መጽሐፉን በእጃችሁ ይዛችሁ ተከተሉ፤ የማይገባችሁን ቃል እርሳስ አስምሩበት። ከተቻለ ብቻችሁን በማዳመጫ አትስሙ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከፍ አድርጋችሁ፣ ትልቅ ሰው ቤት ባለበት ሰዓት ስሙት። የእኔ አያቴ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ እየሰማችው ነው፣ በየመሃሉ «አቁሚው» ትለኛለች፣ አቆመዋለሁ፣ የራሷን ታወራለች። የአጎቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት መጥታ ነበር። መጽሐፉን አላነሳችም። ግን ሳፍታ ስለ አባቷና ስለ እህሉ ስትናገር ስልኳን ገለበጠችና «ስንት ነበር የምትሰጡት?» ብላ ጠየቀች። አያቴ በጣቷ ቆጥራ አሳየቻት።